ስለ አገር ጫማ ማውለቅ

ዕዳ ያለበትን ሰው በአረማመዱ አውቀዋለሁ። እናንተም ልብ ብላችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ዕዳ የሌለበት ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደሚሄድበት በቀጥታ ይሄዳል፤ ዕዳ ያለበት ግን መጀመሪያ በሐሳቡ የከተማውን ካርታ ይዘረጋል። በዚህ በኩል ባለሱቁ አለ፣ በዚያ በኩል የዕቁቡ ዳኛ ይቀመጣል፣ መሀል መንገድ ላይ ደግሞ «ለሁለት ቀን ብቻ» ብሎት ያበደረው የሥራ ባልደረባው ፀጉሩን እየተስተካከለ ነው። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ይዞረዋል። የሚያየው ሰው ለጤናው የሚንሸራሸር ይመስለዋል።

እኔም አሶሳ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ለጤናዬ ስንሸራሸር ኖሬያለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ካርታ መዘርጋቱ አልከበደኝም። ነገሩ የቆርቆሮ ነው። የአሶሳን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁም አንድ ክረምት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ብትከርሙ ይገባችኋል። ባለቤቴ ባልዲ የምታስቀምጥበት ቦታ ሲጠፋባት ወደ ሐሚድ ሱቅ ሄጄ ሃያ ቆርቆሮ በዱቤ አመጣሁ። የአሥራ አንዱን ከፈልኩ፤ ዘጠኙ ቀረ። ዝናብ ሲመታ የተከፈለበት ቆርቆሮና ያልተከፈለበት ቆርቆሮ ድምፃቸው ይለያያል ብላችሁ አታምኑኝም። ግን ይለያያል።

ሐሚድ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ስሜን ከሱቁ በር ላይ ቢለጥፍ እኔም ተቆጥቼ እገላገል ነበር። ሐሚድ ግን ከመንጌ ወዲያ ካለች መንደር የመጣ፣ ይሉኝታ ያለው ሰው ነው። ከሩቅ ሲያየኝ እጁን ያነሣና «መምህር! ቤት ሰላም? ልጆች ሰላም? ጣሪያው ደህና ነው?» ይለኛል። ከልቡ ነው የሚጠይቀው። ጣሪያው ደህና ነው ወይ ባለኝ ቁጥር እኔ ስድስት ወር አረጃለሁ። ስለዚህ በመስጊዱ ጀርባ የሚዞረውን መንገድ ለመድኩ።

እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው የአገር ዕዳ የመጣው። መቼም አገር ዕዳ እንዳለባት ዱሮም እንሰማ ነበር፤ ግን የምንሰማው እንደ ሩቅ ዘመድ ሕመም ነው። ከንፈር እንመጥና ወደ ሥራችን እንሄዳለን። አሁን ግን ዜጎች በፈቃዳቸው እያዋጡ ቢያቃልሉላትስ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ሳስበው ደስ ይለኛል። ችግሩ ሐሳብ መንገድ ሲሄድ መልኩ ይለዋወጣል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ቅጽ ሆኖ ደረሰ። ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን ተሥሏል። አንዱ «በፈቃዴ የአንድ ወር ደመወዜን» ይላል፤ ሌላው «በፈቃዴ የግማሽ ወር ደመወዜን» ይላል። የሒሳብ መምህራችን ሦስተኛውን ሣጥን ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ጀርባው ባዶ ነበር።

በፈቃዴ የግማሹን መረጥኩ። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ ግን ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ደግሞ ወደ መንደሮች ወርዶ ሕዝቡን የሚያነጋግር ሰው አስፈለገው። ሰብሳቢያችን አቶ ፍሬው ዙሪያውን ሲያይ ቆየና «ጂኦግራፊ ስለምታስተምር መንገድ አይጠፋብህም» ብሎ ሁለት ጥራዝ ደረሰኝ አስታቀፈኝ። እስቲ ልብ በሉ፤ ዘጠኝ ቆርቆሮ ሽሽት መስጊድ የሚዞር ሰው የአገር ዕዳ ሊያስከፍል ተላከ። አቶ ፍሬው ይህን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።

ዓርብ ነበር። በተከራየሁት ሞተር መንጌን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ መንገዱ አለቀና እኔ ሞተሩን መግፋት ጀመርኩ። አንድ ወንዝ ላይማ ሁለት ጎልማሶች ሞተሩን በአራት እጅ አንሥተው አሻገሩልኝ። መንደሩ ስደርስ ሰው ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ተሰብስቧል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፣ ሼህ አልነዚር በመሀል። ሼሁ ቀጭን፣ ጥምጣማቸው የነጣ፣ ሲሰሙ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሽማግሌ ናቸው። ቆሜ ንግግሬን አደረግሁ። አገር እናት ናት አልኩ፤ እናት ታማ ልጅ ዝም አይልም አልኩ፤ ድምፄንም ከፍ ዝቅ አደረግኩት። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልተቃወመም። ሼሁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ኡስታዝ፣ አንተ ጥሩ ተናገረ፤ እኛ ሰማን» አሉ። «አሁን ባለ ደይኑ የት አለ?»

«ባለ ዕዳው ማለትዎ ነው?»

«አዎ። ዕዳ ያለው ሰው።»

«አገር ናት እኮ፣ ሼሃችን።»

«ገባኝ። አገር የት አለ? ለምን እሱ ራሱ አልመጣም?»

በሼሁ አማርኛ እንዳትስቁ። እኔ እዚህ አገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ በእሳቸው ቋንቋ የማውቀው ሰላምታ መስጠት፣ ውኃ መጠየቅና ማንጎ መቁጠር ብቻ ነው፤ ማንጎውም ከአሥር በላይ ከሆነ ይቸግረኛል። ደግሞ ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። በዚያች መንደር ሰው ዕዳ ሲከብደው ሰው ይጠራል። የጠራው ሰው ግን ራሱ ይቀርባል። መሀል ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጫማውን አውልቆ ሽማግሌው እግር አጠገብ ያኖራል፤ ከዚያ ሦስት ነገር ይጠየቃል። የማን ነው? ስንት ነው? በምን በላኸው? አበዳሪውም ይጠራና ይቀመጣል። አበዳሪ ያን ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ሢሶውን ይምራል፤ ግዴታ የለበትም፣ ነገር ግን ሳይምር የሄደ አበዳሪ የሚያስታውስ ሰው የለም። የቀረውን ሰው በሰፌድ ያዋጣል። ሲያልቅ ባለ ዕዳው ጫማው ይመለስለታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው በተጠራ ቀን እሱም ይመጣል። ልማዱ ይኸው ነው፤ ቅጽ የለውም።

«አገር በአካል መምጣት አትችልም» ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ትልቅ ስለሆነ ነው?» አሉ ሼሁ። እሱም አንዱ ምክንያት ነው አልኩ። ትንሽ ተመካከሩና «እንግዲህ እሱ የላከው አንተን ነው፤ አንተ በእሱ ቦታ ቁጭ በል» ተባልኩ። ምንጣፉ ተነጠፈ። ጫማዬን አወለቅኩ። ያን ጊዜ ነው ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ መቀደዱን ያስታወስኩት። አገሬን ወክዬ የተቀመጥኩት በዚያ ጣት ነው።

«የማን ነው ደይኑ?»

«የብዙ ነው። የውጭ መንግሥታት አሉ፣ ትልልቅ ባንኮች አሉ።»

«እነሱ ተጠራ?»

«አልተጠሩም።»

ከወዲያም ከወዲህም ማጉረምረም ተነሣ። «እነሱ ካልመጣ ሰው መሰብሰቡን እንዴት ያያል?» አሉ ሼሁ። «ካላየ እንዴት ያፍራል? ገንፎ በባሚያ እንሠራለታለን፤ ይምጣ፣ ይብላ፣ ከዚያ ሢሶውን ይማር።» መጀመሪያ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን እነዚያ በክራባት የሚሰበሰቡት ሰዎች በትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ስንት ወር የሚነታረኩት ስለዚሁ ነው፤ ትንሽ ማሩን፣ ጊዜ ስጡን ነው ነገሩ። ገንፎው ብቻ ነው የጎደለባቸው።

«ስንት ነው?» ተባልኩ። ቁጥሩን ተናገርኩ። ለእናንተ አልደግመውም፤ ዜሮው ይበዛል። ከሴቶቹ ወገን እናት ሐዋ የሚባሉ፣ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ እያጠቡ የሚኖሩ አሮጊት አንገታቸውን አውጥተው «ይሄ የአንድ አገር ብቻ ነው?» አሉ። አዎ፣ የአንድ አገር ብቻ ነው አልኩ። «መስኪን» አሉ፤ ከልባቸው አዘኑላት።

«በምን በላው?»

ይሄኛው ከበደኝ። «ለመንገድም ውሏል…» ብዬ ጀመርኩ። ሞተሬን ያሻገሩልኝ ሁለቱ ጎልማሶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። «የትኛው መንገድ?» አለ አንደኛው። «ሌላ መንገድ» አልኩ። ሼሁ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት። «ለግድቡ እኛ ሰጠን» አሉኝ። «ግድብ ጉባ አለ። የእኛ ልጆች እዚያ ሠራ። ማየት የፈለገ ሰው ሄደ፣ አየ፣ መጣ። ይሄ ደይን ግን ፊት የለውም። ፊት የሌለው ሰው እኛ እንዴት እንርዳው?» ንግግሬ ውስጥ ስለ ፊት የተጻፈ ነገር የለም።

ደረሰኜን ሰብስቤ ልነሣ ስል ሼሁ «ቆይ» አሉ። «ስለ ሌላ ሰው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የራሱን ደይን ያስቀድማል። ልማድ ነው። አንተ ደይን አለህ?»

«የለብኝም» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ማን ያውቅብኛል? አሶሳ ሩቅ ነው። ቀና ስል ግን ከማንጎው ግንድ ጀርባ የስኳር ከረጢት ትከሻው ላይ እንደያዘ ሐሚድን አየሁት። ለካ ያቺ መንደር የሐሚድ መንደር ናት፤ ለካ እናት ሐዋ እናቱ ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ ስኳርና ጨው ይዞላቸው ይመጣል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እና ሐሚድ ምን አደረገ መሰላችሁ? ፊቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረ። ያየኝ አልመሰለም። እንድዋሽ ቦታ ለቀቀልኝ።

እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። ሁለት ዓመት ያላስከፈለኝ ሰው በጨዋነቱ አስከፈለኝ። «አለብኝ» አልኩ።

«የማን ነው?»

«የሐሚድ።»

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ ቆርቆሮ።»

«በምን በላኸው?»

«ዝናብ እንዳይገባብኝ ነው።»

መንደሩ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። በዚያን ዕለት ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የገባቸው ይሄ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ሐሚድ ተጠርቶ መሀል ተቀመጠ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያፈረ ይመስል ነበር። «ሦስቱን ምሬያለሁ» አለ። እናት ሐዋ «ሐሚድ፣ ሰው ተሰብስቧል» አሉት። «አራቱን ምሬያለሁ» አለ። አምስት ቀረ። ሰፌዱ መዞር ሲጀምር ዘልዬ ተነሣሁ፤ ኧረ በሕግ፣ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ፣ ከእናንተ አልቀበልም ብዬ ለመንኩ። «ደመወዝተኛን ዝናብ አይመታውም?» አሉኝ ሼሁ፤ ደግሞስ ያለ ጫማ የት እሄዳለሁ? ተቀመጥኩ። አንዱ የተጣጠፈ ብር ጣለ፤ አንዷ ከማንጎ ሽያጭ የተረፋትን ሰጠች፤ ሞተሬን ያሻገሩት ሁለቱ ጎልማሶች ሳይቀሩ ኪሳቸውን ዳበሱ። በመጨረሻ እናት ሐዋ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና በላስቲክ የተጠቀለለች የወርቅ ብናኝ አወጡ። ወርቋ ከእናት ነጠላ ወጥታ፣ በእኔ ዕዳ በኩል አልፋ፣ ልጅዬው ኪስ ገባች። ሐሚድ ምን እንደሚል ጠፍቶት ሳቀ። እኔ አፍሬም ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጡ ሰው ፊቱን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ጫማዬ ተመለሰልኝ። ከሁለቱ ጥራዝ ደረሰኝ አንድም ቅጠል አልተቆረጠም።

ሰኞ ለአቶ ፍሬው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የቆርቆሮዋን ነገር ጭምር። እየሰማ «ሕዝቡ ባለ ዕዳውና አበዳሪው በአካል እንዲቀርቡለት ጠይቋል» ብሎ ሪፖርቱ ላይ ጻፈ። አነበበው፤ ሰረዘው፤ በምትኩ «ሰፊ ውይይት ተካሂዷል» አለ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንደሩ… ከመንጌ ስንት ሰዓት ይወስዳል?» አለኝ።

የሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት በሕይወቴ ካየኋቸው ሳምንታት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ። በሐሚድ ሱቅ በኩል በቀጥታ አለፍኩ። ሥራ ሳይኖረኝ ጭምር አለፍኩ። አሶሳ ለካ ትንሽ ከተማ ናት! ጣሪያው ደህና ነው ወይ ሲለኝ «በጣም ደህና ነው!» እላለሁ፤ ዝናብ ሲመታም ሃያው ቆርቆሮ ባንድ ድምፅ ይጮኻል።

በአራተኛው ሳምንት ሐሚድ ከሱቁ ወጥቶ «መምህር፣ ሼሁ ለዓርብ ና ብለዋል። ሰው ተጠርቷል» አለኝ። የተከፈለለት ሰው መቅረት የለበትምና ያጠራቀምኳትን ይዤ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ምንጣፉ ተነጥፏል፤ ላዩ ላይ ግን ማንም የለም።

«ባለ ዕዳው ማን ነው?» አልኩ።

«አገር» አሉ ሼሁ። «ቁጭ በል።»

«ፊት የለውም ብላችሁኝ አልነበር?»

«ያን ጊዜ አንተ መልእክተኛ ነበር። አሁን የእኛ ሰው ነህ፤ የአንተን ፊት አየን። በአንተ ፊት እንሰጠዋለን።»

ጫማዬን አወለቅኩ። መጀመሪያ የራሴን ሰፌዱ ላይ ጣልኩ፤ ከዚያ የእነሱ መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ለዚያ ሁሉ ዜሮ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እኔ ግን እያንዳንዱን ደረሰኝ የቆረጥኩት ስሙን ሁለት ጊዜ እያነበብኩ ነው። ሁሉም አልቆ ስሙ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ሼሁ «አሁን የእሱን ጻፍ» አሉኝ።

«የማንን?»

«የአገርን። ደይን የተከፈለለት ሰው ሲጠራ ይመጣል። እኛም እንጠራዋለን። የውኃ ፓምፑ ከተበላሸ ቆየ፤ ሴቶቹ ወንዝ ይሄዳል። እኛ እንቆፍራለን፣ ድንጋይ እንሸከማለን። ዕቃውን አገር ያምጣ። ጻፍና አንተ ዋስ ሁን።»

ደረሰኙ ላይ ለእንደዚህ ያለ ነገር ቦታ የለም አልኩ። እውነቴን ነው፤ ስም፣ ብር በአኃዝ፣ ብር በፊደል፣ ፊርማ፣ ሌላ የለውም። ሼሁ አንዱን ቅጠል ከእጄ ወስደው ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር። ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዘጠኝ ቆርቆሮ መክፈል ያቃተው ሰው ለአንድ አገር ዋስ ሆነ።

አቶ ፍሬው ደረሰኞቹን ሲቀበል በጣም አመሰገነኝ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ቆጠረ። ጀርባቸውን አላየም። እኔ ነኝ የዚያችን ቅጠል ቅጂ ይዤ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ የምመላለሰው። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው ይሉኛል፤ በትሕትና ነው የሚሉኝ፤ አንዷ ጸሐፊማ ውኃ ሁሉ ጋብዛኛለች። እናት ሐዋ ግን ጀሪካናቸውን ይዘው ዛሬም ወንዝ ይወርዳሉ። ለአገር የሰጧትን ገንዘብ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ቆርቆሮው እንኳ እንዲህ አላደረገኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ መሀል ከማንጎ ሻጮቹ መደዳ ላይ የሼሁን ጥምጣም ከሩቅ አየሁት። እግሬ እኔን ሳያማክር ወደ መስጊዱ ጀርባ ዞረ። ጥቂት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። ለዘጠኝ ቆርቆሮ ያ ዙሪያ መንገድ ይበቃ ነበር። ለአገር የሚበቃ ዙሪያ መንገድ ግን አሶሳ ውስጥ የለም፤ ካርታውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ተመለስኩ። በቀጥታ ወደ ሼሁ ሄድኩና «አገር ምን አለ?» ብለው ሳይጠይቁኝ፣ ከማንጎው ክምር አጠገብ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁ።

ካልሲው አዲስ ነው።